አያታችሁ ጠመንጃ ላይ «1888» ተጽፏል? የዓድዋ ዓመት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ

ብዙ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ጠመንጃ አለ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ቆጥ ላይ የተሸጎጠ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የተኛ። አብሮት ደግሞ አንድ ታሪክ አለ፦ «ቅድመ አያታችሁ ዓድዋ ላይ ከጣሊያን የማረኩት ነው።»

አንዳንዴ ታሪኩ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጠመንጃው ከዓድዋ 40 ዓመት በኋላ የተሠራ ሆኖ ይገኛል። የሚገርመው ተቃራኒውም አለ፤ «ይሄ ተራ ነገር ነው» ተብሎ ጥግ የተጣለው ብረት ከዓድዋም ከመቅደላም የቆየ ሊሆን ይችላል።

ይሄን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘብ አለበት፤ የማያውቅ ቤተሰብ እጅ ላይ ያለ ነገር ለደላላ ሲሳይ ነው፣ «የዓድዋ ነው» እየተባለ የሚሸጠውም ሁሉ የዓድዋ አይደለም። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው «ላሳምረው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ማስረጃ የሚሆነውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

ስለዚህ ይሄን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት። ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

📌 1. ከሁሉም በፊት፦ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

«መቶ ዓመት የተቀመጠ ነው፣ ምን ይሆናል?» አትበሉ። ሰው የሚገድለው ባዶ ነው የተባለው ጠመንጃ ነው። መሣሪያ የሚያውቅ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍቶ የጥይት ማስገቢያውን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ጎርሷል ብላችሁ ቁጠሩት። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፣ ጣት ወደ ምላጩ አይሂድ።

አሮጌ ጥይት አብሮ ከተገኘም አትነካኩት፣ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ አትሞክሩት። የጥቁር ባሩድ ዘመን ጠመንጃ የዛሬውን ጉልበተኛ ጥይት እንዲሸከም አልተሠራም። ቢፈነዳ የሚፈነዳው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ለመለየት መተኮስ በፍጹም አያስፈልግም፤ ማየት ብቻ ይበቃል።

📌 2. ስልካችሁን አውጡ

ጽሑፉ ከዝገትና ከቅባት ስር ስለሚደበቅ ፎቶ አነሳሱ ላይ ትንሽ ዘዴ ያስፈልጋል።

👉 የስልኩን ፍላሽ አጥፉ። ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጽሑፉን ያጠፋዋል።

👉 ሌላ ስልክ ላይ ባትሪ አብርታችሁ ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ በተቃረበ ርቀት አስጠጉት። የተቆረጠው ፊደል ጥላ ይሠራና ይወጣል።

👉 አሁንም ካልታየ ስስ ነጭ ወረቀት ለጥፋችሁ በእርሳስ በስሱ አሹት። ልጅ ሆነን ሳንቲም እንደምንስለው ማለት ነው።

👉 እነዚህን ቦታዎች አንሱ፦ ሙሉውን በቀኝና በግራ፣ የበርሜሉን የኋላ ጫፍ ላይና ጎን፣ የመቀባበያውን እጀታ፣ ካዝና ካለው ከስር፣ ሰደፉን በሁለቱም በኩል፣ ሳንጃ ካለ ደግሞ የሳንጃውን ጀርባ።

መጽዳት ካለበት ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። የብርጭቆ ወረቀት፣ የብረት ብሩሽ፣ አሲድ፣ ቫርኒሽ፦ አይሆንም።

📌 3. የእርሳስ ሙከራ

መጀመሪያ የሚታወቀው የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው። ማስመሪያ ካላችሁ ለኩት። ከሌላችሁ ተራ የትምህርት ቤት እርሳስ አምጡ፤ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። (ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ! እርሳሱን ደግሞ ገፍታችሁ አታስገቡት።)

👉 እርሳሱ ጭራሽ አልገባም፦ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የጣሊያን ካርካኖ ቤተሰብ።

👉 ገባ፣ ግን ብዙም አይወዛወዝም፦ ከ7.6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር። ሌበል፣ ማንሊከር፣ ማውዘር (ቤልጅግ)፣ ሊ ኢንፊልድ፣ የሩሲያው ሞሲን ናጋንት እዚህ ውስጥ ናቸው።

👉 ገብቶ በደንብ ይጫወታል፦ 10 ወይም 11 ሚሊ ሜትር። የጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። ውጅግራ፣ ወተርሊ፣ ሬሚንግተን፣ የሩሲያው በርዳን፣ የእንግሊዙ ማርቲኒ ሄንሪ።

👉 እርሳሱ ጠፍቶበታል፦ 14 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ። ሰናድር፣ ወይም ከዚያም የቆየ ከአፍ የሚጎርስ ጠመንጃ።

ሎጂኩ ቀላል ነው። በ1886 (በፈረንጅ) ፈረንሳይ ጭስ አልባውን ባሩድ ይዛ እስክትመጣ ድረስ ባሩዱ ደካማ ስለነበር እርሳስ ጥይቱ ትልቅና ከባድ መሆን ነበረበት። አዲሱ ባሩድ ትንሿን ጥይት በከፍተኛ ፍጥነት መወርወር ቻለ። ስለዚህ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ቀዳዳው ብቻውን ግን አይበቃም።

📌 4. አሁን ስሙን እንፈልግ

የአገራችን የጠመንጃ ስሞች የፈረንጅ ስም በእኛ አፍ ሲታሽ የወጡ ናቸው። ግን ልብ በሉ፣ ሕዝቡ ስሙን ለተመሳሳይ መሣሪያ ሁሉ ይሰጠዋል። አባት «ምንሽር» ስላሉት ብቻ ምንሽር አይሆንም። ዓይናችሁን እመኑ።

🔹 ሰናድር

እንግሊዝኛው ስናይደር ነው። ጀኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ ወታደሮቹ ይህን ይዘው ነበር፤ ስናይደር በጦርነት የተፈተነውም መጀመሪያ በዚሁ ዘመቻ ነው። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለሆኑት፣ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸዋል።

መለያው፦ በቀኝ ጎኑ ትልቅ መዶሻ አለው። የኋላው መዝጊያ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ቀኝ ይከፈታል። መዶሻው ስር ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ዘውድ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ምልክት የሆኑት ሁለት ፊደሎችና ዓመት ይገኛል።

🔹 ሬሚንግተን

የአሜሪካ ሥራ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ግን በግብፅ በኩል ነው። በ1868 ዓ.ም. ጉንደት እና ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ይህን ታጥቆ ነበር፤ ሲሸነፍም ብዙው በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ።

መለያው፦ ካዝና የለውም፣ የሚሳብ መቀባበያም የለውም። ከኋላ ሁለት መዶሻ የሚመስሉ ብረቶች ተከታትለው አሉ፤ ሁለቱንም በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስትጎትቱ በርሜሉ ይከፈታል። የግብፅ ጦር ከነበረ የዓረብኛ ፊደል ወይም ቁጥር ሊኖርበት ይችላል።

🔹 ውጅግራ

«ፉዚል ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው ውጅግራ የሆነው። ፉዚል ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን የባዚል ግራ ስም። ፈረንሳይ በ1874 ተቀበለችው። ሌበል ሲመጣ አሮጌው ውጅግራ ከመጋዘን ወጥቶ በጅቡቲ መስመር በነጋዴዎች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። በነገራችን ላይ ታዋቂው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ በ1887 (በፈረንጅ) ከታጁራ በግመል ያመጣቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች ለንጉሥ ምኒልክ ሸጧል።

መለያው፦ መቀባበያ አለው፣ ካዝና ግን የለውም። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ እንደገና ይጎርሳል። የእግረኛው ውጅግራ መቀባበያ እጀታው ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አጭሩ የፈረሰኛ ውጅግራ ላይ እጀታው ወደ ታች የታጠፈ ነው። በግራ ጎኑ በተዋበ የእጅ ጽሑፍ ዓይነት ፊደል የፋብሪካው ስም ይነበባል፦ ሴንት ኤቲየን፣ ሻተልሮ ወይም ቱል።

ሳንጃው ካለ እድለኞች ናችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከፊት ስታዩት የላቲኑን «ቲ» የሚመስል ነው። ጀርባው ላይ ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ወሩና ዓመቱ ጭምር በእጅ ጽሑፍ ተቀርጿል። ግን ሳንጃ ይዋሳል፣ ይቀያየራል፤ የሳንጃው ዓመት የጠመንጃው ዓመት ነው ማለት አይደለም።

🔹 ወተርሊ

ዓድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት ይዞት የነበረው ይሄ ነው። ጣሊያን ያኔ አዲሱን ካርካኖ መሥራት ጀምራ የነበረ ቢሆንም ወደ እኛ የላከችው ጦር በአመዛኙ የታጠቀው አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። ስለዚህ የእውነት የዓድዋ ምርኮ የምትፈልጉ ከሆነ ዓይናችሁን እዚህ ላይ አድርጉ።

መለያው፦ በ1870 ሲወጣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነበር። በ1887 ከስሩ 4 ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። ይህ ካዝና ከምላጩ ፊት ወደ ታች ወጣ ብሎ ይታያል። ቀዳዳው 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። የበርሜሉ የኋላ ጫፍ ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጎኖች አሉት፤ እዚያ ላይ የከተማ ስም (ብሬሻ፣ ቶሪኖ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ) እና ዓመት ተመትቷል።

🔹 ምንሽር እና ካርካኖ

ምንሽር የሚለው ቃል የመጣው ከኦስትሪያው ማንሊከር ነው። ሕዝቡ ግን የጣሊያኑን ካርካኖም ምንሽር ይለዋል፤ የሚያስኬድ ምክንያትም አለው፣ የካርካኖ የጥይት አጎራረስ ከማንሊከር የተቀዳ ነው። ሁለቱም ጥይቱን ከነማቀፊያው ይጎርሳሉ፤ ባዶው ማቀፊያ ከስር ባለው ቀዳዳ ይወድቃል።

እንዴት ትለያላችሁ? መቀባበያውን እዩ። በ1895ቱ ማንሊከር እጀታው ወደ ላይ ሳይነሳ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሳባል፤ አናቱ ላይም ስቴይር የሚል የፋብሪካ ስም ሊኖር ይችላል። የካርካኖ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሳና ነው የሚሳበው። እርሳሱም ይፈርዳል፦ ማንሊከር 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያስገባል፣ የ6.5ቱ ካርካኖ አያስገባም።

አንድ ነገር ጨምሩ። ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከኦስትሪያ የማረከችውን ማንሊከር ለቅኝ ግዛት ወታደሮቿ ሰጥታለች። ስለዚህ የኦስትሪያ ጠመንጃ በእጃችሁ ቢገኝም ያመጣው ጣሊያን ሊሆን ይችላል።

🔹 ሌበል

የፈረንሳይ የ1886 ሥራ፣ በጭስ አልባ ባሩድ የተኮሰ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ። ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከበርሜሉ ስር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው፤ 8 ይይዛል። ስለዚህ ከምላጩ ፊት የወጣ ካዝና አይታይም። እንጨቱም አንድ ወጥ አይደለም፤ መሃል ላይ ብረቱ የፊቱንና የኋላውን እንጨት ይለያቸዋል።

🔹 ቤልጅግ

ቤልጂየም ኸርስታል ከተማ የተሠራ ማውዘር ነው። ከ1928ቱ ወረራ በፊት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊታቸውን ለማዘመን ካስገቧቸው መሣሪያዎች አንዱ። 5 ጥይት ይይዛል፣ ካዝናው ግን እንጨቱ ውስጥ ተቀብሮ ከስር ለጥ ያለ ነው። አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ካገኛችሁ ለኢትዮጵያ መንግሥት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ይሄ ማኅተም በብርጭቆ ወረቀት ከጠፋ ጠመንጃው ግማሽ ታሪኩን አጣ ማለት ነው።

ሕዝቡ ግን ማውዘር የመሰለውን ሁሉ ቤልጅግ ይላል። የጀርመን ወይም የቼክ ሊሆን ስለሚችል በግራ ጎን ያለውን የፋብሪካ ስም አንብቡ።

🔹 ሊ ኢንፊልድ

የእንግሊዝ ሥራ፤ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በብዛት ገባ። 10 ጥይት የሚይዝ ካዝና ወደ ታች ወጥቶ ይታያል። የቆየው ዓይነት ላይ ከመቀባበያው ስር፣ እንጨቱን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት በቀኝ በኩል ዘውድ፣ የፋብሪካ ስምና ዓመት ይዟል።

📌 5. ዓመቱን ስታነቡ የሚያታልሉ 5 ወጥመዶች

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ወጥመድ 1፦ ዓመቱ በፈረንጅ ነው

ፋብሪካው አውሮፓ ነው፣ የሚጽፈውም በራሱ አቆጣጠር ነው። በላቲን አኃዝ 1888 የሚል ወተርሊ ብታገኙ የዓድዋ ዓመት አይደለም። በእኛ 1880 ወይም 1881 ዓ.ም. ነው። ወሩ ስለማይጻፍ 7 ወይም 8 ቀንሱ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጅ 1896 ነው።

ደስ የሚለው ግን ይሄ ስህተት ታሪኩን አያፈርሰውም። በ1888 በፈረንጅ የተሠራ ወተርሊ ዓድዋ ሲደረስ 8 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ጦርነቱ ላይ ሊገኝ ይችላል። «1888 ስለሚል የዓድዋ ነው» የሚለው ምክንያት ግን ስህተት ነው።

በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፰ ተብሎ ከተቀረጸ ሌላ ጉዳይ ነው። ያንን የቀረጸው ፋብሪካው ሳይሆን የአገራችን ሰው ነው፣ አቆጣጠሩም የእኛ ነው። መቼ እንደቀረጸው ግን መጠየቅ አለበት፤ ከ50 ዓመት በኋላ ለመታሰቢያ የቀረጸውም ይኖራል።

ለማስታወስ ያህል፦
1874 በፈረንጅ = 1866/67 ዓ.ም.
1888 በፈረንጅ = 1880/81 ዓ.ም.
1896 በፈረንጅ = 1888/89 ዓ.ም.
1917 በፈረንጅ = 1909/10 ዓ.ም.
1936 በፈረንጅ = 1928/29 ዓ.ም.

ወጥመድ 2፦ የሞዴል ዓመት የልደት ዓመት አይደለም

ውጅግራ ላይ 1874 የሚለው «የ1874 ሞዴል» ማለት ነው። ልክ የስልክ ሞዴል ስም እንደማለት ነው፤ ያ ስልክ ከወጣ በኋላም ለዓመታት ይመረታል። የተሠራበትን ዓመት በርሜሉ ላይ ፈልጉት።

ወጥመድ 3፦ የፓተንት ዓመት

ሬሚንግተን ጀርባ ላይ ከ1864 ጀምሮ ብዙ ቀኖች ተደርድረው ታገኛላችሁ። እነዚህ የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ቀኖች ናቸው። የሚነግሯችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠመንጃው ከመጨረሻው ቀን በፊት አልተሠራም።

ወጥመድ 4፦ የተለወጠ ጠመንጃ

ያኔ አሮጌ መሣሪያ አይጣልም፣ ይለወጣል። ከውጅግራዎች መካከል ሻስፖ የሚባለው የ1866 የወረቀት ጥይት ጠመንጃ ተለውጦ የተሠራ አለ፤ በርሜሉ ላይ ከ1874 በፊት ያለ ዓመት ብታዩ ፎርጅድ ነው አትበሉ። ብዙ ሰናድሮችም መጀመሪያ ከአፍ የሚጎርሱ የኢንፊልድ ጠመንጃዎች ነበሩ፤ ብረቱ ላይ ያለው ዓመት የድሮ ሕይወታቸው ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ምሳሌ ግን ወተርሊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን መሣሪያ አጠራት። ከ1915 ጀምሮ ብዙ ወተርሊዎችን በርሜላቸው ውስጥ ቱቦ እያስገባች ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለወጠቻቸው፣ ካዝናቸውንም ቀየረች። በርሜሉ ላይ ያለው የድሮ ዓመት ግን እንዳለ ቀረ።

እና ምን ማለት ነው? ወተርሊያችሁ 1882 ቢልም እርሳሱ አልገባም ካለ፣ ያ ጠመንጃ ከ1915 በኋላ ጣሊያን ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ዓድዋ ላይ ተማርኮ እኛ አገር የቀረ ሊሆን አይችልም። አንዲት እርሳስ ይሄን ያህል ትናገራለች።

ወጥመድ 5፦ የተገጣጠመ ጠመንጃ

መሣሪያ ሲሰበር የሌላው አካል ይገጠምለታል። በርሜሉ፣ መቀባበያውና እንጨቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አወዳድሩ። አንድ ከሆኑ አብረው የተወለዱ ናቸው። ከተለያዩ ቢያንስ አንዱ ከሌላ ጠመንጃ መጥቷል፣ የእንጨቱ ዓመት ስለ ብረቱ አይመሰክርም ማለት ነው።

📌 6. የሙሶሊኒ ዓመት

ይሄን ለብቻው ያስቀመጥነው የአርበኞችን ታሪክ ስለሚነካ ነው።

ፋሺስት ጣሊያን የራሱን ዘመን ይቆጥር ነበር። አንደኛው ዓመት የጀመረው በጥቅምት 1915 ዓ.ም. (ኦክቶበር 1922) ነው። ቁጥሩ በሮማውያን አኃዝ፣ ማለትም በላቲን ፊደሎቹ ኤክስ፣ ቪ እና አይ ይጻፋል። ኤክስ 10፣ ቪ 5፣ አይ 1 ነው። ኤክስ አይ ቪ ካያችሁ 14 ማለት ነው፤ እሱም ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ያለው ጊዜ። ሙሶሊኒ አገራችንን የወረረበት ዘመን!

ካርካኖ ላይ ከተራው ዓመት ጎን እንዲህ ዓይነት ፊደል ካለ ጨዋታው አልቋል። የዓድዋ አይደለም። ግን አትከፉ። የ1928 ወራሪ ይዞት የመጣ ጠመንጃ እናንተ ቤት የተገኘው እንዲሁ አይደለም። አያታችሁ ወይም ቅድመ አያታችሁ በአምስቱ ዓመት ትግል ከጠላት እጅ ነጥቀውት ሊሆን ይችላል። ታሪኩ አልጠፋም፣ ዘመኑ ነው የተቀየረው። ምናልባትም ቤት ውስጥ ሁለት ታሪክ ተደባልቆ ነው፤ የአባትየው ዓድዋ እና የልጅየው አርበኝነት።

📌 7. «ዓድዋ ነበር ወይ?» በአራት ጥያቄ

1ኛ. በርሜሉ ላይ ያለው ዓመት ከ1896 (በፈረንጅ) በፊት ነው? ካልሆነ እዚህ ላይ አቁሙ።

2ኛ. ከዚያ በኋላ የተለወጠበት ምልክት አለ? 6.5 የሆነ ወተርሊ ካለ አቁሙ።

3ኛ. ዓይነቱ ያኔ እዚህ አገር የነበረ ነው? ወተርሊ፣ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ሰናድር፣ በርዳን ከሆነ አዎ። የዓድዋ ጠመንጃ የግድ የጣሊያን መሆን የለበትም፤ የእኛ ሠራዊት የዘመተው በውጅግራውና በሬሚንግተኑ ነው።

4ኛ. የቤተሰቡ ታሪክ ዝርዝር አለው? ማን ዘመተ? ከየት ተነስቶ? በየትኛው መኳንንት ስር? ጠመንጃው ከማን ወደ ማን ተላለፈ?

አራቱንም ካለፈ መልሱ «ተረጋገጠ» አይደለም፤ «ሊሆን ይችላል» ነው። ብረቱ መቼ እንደተሠራ ይናገራል እንጂ የት እንደዋለ አይናገርም። በ1917 እንግሊዝ የተሠራ ሊ ኢንፊልድ በ1933 ዓ.ም. ነው እዚህ የደረሰው ቢባል ሁለቱም እውነት ነው። የተሠራበትና የመጣበት ዓመት ይለያያሉ። የዋለበትን የሚያውቀው ሰው ነው።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀመጡና ስልካችሁ ላይ ቅረጿቸው። ስም፣ ቦታ፣ ዘመን ጠይቁ። ፉከራውንም ቅረጹት፤ የመሣሪያና የሰው ስም አብሮ ተቀምጦ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። ብረቱ ሌላ መቶ ዓመት ይጠብቃል፣ እነሱ ግን አይጠብቁም።

📌 8. ሕጉስ?

«አሮጌ ስለሆነ ሕግ አይመለከተውም» የሚል ወሬ አለ። አትመኑ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል። ቤታችሁ ያለው ነገር ፈቃድ ከሌለው ይዛችሁት መንገድ አትውጡ፤ መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ያለውን ፖሊስ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ።

ታሪካዊ ዋጋ አለው ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ወይም የአካባቢያችሁን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አማክሩ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት እዚያ ገበያ ላይ ቀርበዋል። በፌዴራሉ ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ መሣሪያ «ጥንታዊ» ተብሎ በተለየ መንገድ ይታያል፤ ግዛቶች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ ዓመቱን በትክክል ማንበብ እዚያ ዋጋውንም ሕጉንም ይለውጣል። «የዓድዋ ምርኮ» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው ከላይ ያሉትን አራት ጥያቄዎች አንብቡለት።

📌 በመጨረሻ፦ እነዚህን አታድርጉ

❌ አትፈቁት፣ ቀለም አትቀቡት፣ የተሰበረውን እንጨት በአዲስ አትቀይሩት።

❌ እንጨቱ ላይ ያለውን የናስ ሚስማር፣ ጥልፍ ወይም የተቀረጸ ስም «ያበላሸዋል» ብላችሁ አታንሱት። ኢትዮጵያዊ ያደረገው እሱ ነው።

❌ መለያ ቁጥሩን እና ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ሌባም፣ ደላላም ያያል።

❌ ዓይነቱን ሳታውቁ ዋጋ አትቀበሉ። «ይሄ እንኳን ብረት ነው፣ ላንሳላችሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ ያውቃል።

እንግዲህ እርሳስ፣ ሁለት ስልክና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃችኋል። የዓድዋ ሆኖ ከተገኘ እሰየው። የአርበኛ ሆኖ ከተገኘም እሰየው። ሁለቱም ካልሆነ እንኳን ቢያንስ ለልጆቻችሁ የምትነግሩት ነገር እውነት ይሆናል።

አሮጌ መሣሪያ ቤቱ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ሳይፈቀው በፊት ሼር አድርጉለት።